«1 ሚሊአምፔር ጨረር» ስትሉ የትኛውን ማለታችሁ ነው?

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ስለ ቅንጣት ማፍጠኛዎች (ኤሌክትሮንና ፕሮቶንን የመሰሉ ቅንጣቶችን በኤሌክትሪክ መስክ ስለሚያፈጥኑ ማሽኖች) በሳይንስ ዓምዳችሁም ሆነ በሌሎች ጋዜጦች የሚወጡ ጽሑፎችን እንከታተላለን። በአብዛኛው ጥሩ ናቸው። አንድ ነገር ግን ሳይታረም ይደጋገማል። የኤሌክትሮን፣ የፕሮቶን ወይም የሌላ አዮን ጨረር በምት በምት (ፐልስ በሚባል አጭር ፍሰት፣ እየተቋረጠ) ሲላክ፣ አምፖል እየበራና እየጠፋ እንደሆነ ተደርጎ ይጻፋል፤ ከዚያ «የ1 ሚሊአምፔር ጨረር» የሚል አንድ ቁጥር ይሰጥና ነገሩ ያልቃል። ማፍጠኛ ላይ ለሚሠራ ሰው ይህ ቁጥር ብቻውን እንደሌለ ይቆጠራል። ጨረር በምት ሲላክ በብዙ መልኩ ሌላ ጨረር ነው፤ ስፋቱም፣ የኢነርጂ ሥርጭቱም፣ በሚያርፍበት ብረት ላይ የሚያደርሰው ጉዳትም፣ የሚለካበት መሣሪያም ይለወጣል።

ሒሳቡን እንየው። ያለማቋረጥ የሚፈስ የ1 ሚሊአምፔር የፕሮቶን ጨረር አለ እንበል። ሌላኛው ጨረር በሰከንድ 50 ጊዜ ይመታል፤ እያንዳንዱ ምት 200 ማይክሮሰከንድ ይቆያል። 50 ጊዜ 200 ማይክሮሰከንድ 10 ሚሊሰከንድ ስለሆነ፣ ከአንድ ሰከንድ ውስጥ ጨረሩ የሚኖረው 1 በመቶውን ብቻ ነው። አማካዩ ከመጀመሪያው ጋር እኩል እንዲሆን በምቱ ውስጥ የሚፈሰው ኮረንት 100 ሚሊአምፔር መሆን አለበት። በአንድ ምት 20 ማይክሮኩሎምብ ሙል (የኤሌክትሪክ ቻርጅ) ያልፋል፤ ይህ 125 ትሪሊዮን ያህል ፕሮቶን ነው። ሁለቱም ጨረሮች በአማካይ «1 ሚሊአምፔር» ናቸው። ከዚህ በታች የምንዘረዝረው ልዩነት ሁሉ የሚመነጨው ከዚያች የመቶ እጥፍ ክፍተት ነው።

በመጀመሪያ የማይለወጠውን እናስቀምጥ። የአንዱ ቅንጣት ኢነርጂ በምት መላኩ አይጨምርም። በ50 ኪሎቮልት የተገፋ ፕሮቶን ከቀጥተኛ ጨረርም ይምጣ ከምት፣ 50 ኪሎኤሌክትሮንቮልት ነው። «ምቱ ባጠረ ቁጥር ጨረሩ ኢነርጂው ያድጋል» የሚለው ኃይልን (በሰከንድ የሚወርደውን ኢነርጂ) ከኢነርጂ ጋር ከማምታታት የሚመጣ ስሕተት ነው። ሌላው የሚነሳው የኳንተም ጥያቄ ነው፤ ጊዜ ሲጠብ ኢነርጂ የግድ ይሰፋል ይባላል። እውነት ነው፣ ግን ልኩ ይታይ። ስፋቱ 1 ፌምቶሰከንድ የሆነ የኤሌክትሮን ምት ቢያንስ 0.33 ኤሌክትሮንቮልት የኢነርጂ ስፋት ይኖረዋል። በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ይህ የሚታይ ነገር ነው። ምቱ 1 ማይክሮሰከንድ ከሆነ ግን ስፋቱ በቢሊዮን እጥፍ ስለሚያንስ በየትኛውም ማፍጠኛ ላይ ማንም አያገኘውም። በተራ ማሽን ላይ የኢነርጂ መበተን ከታየ፣ ምክንያቱ ኳንተም ሳይሆን የኃይል አቅርቦቱ ወይም ቀጥለን የምናነሳው የሙል ግፊያ ነው።

ተመሳሳይ ሙሎች ይገፋፋሉ። በአንድ ጨረር ውስጥ ያሉ ፕሮቶኖች ሁሉ አንዱ ሌላውን ወደ ውጭ ይገፋል። በሙያው ስፔስ ቻርጅ የሚባለው ይህ ነው። ግፊያው የሚከተለው በዚያች ቅጽበት የሚያልፈውን ኮረንት ነው፤ አማካዩን አያውቀውም። የ50 ኪሎኤሌክትሮንቮልት ፕሮቶን በሰከንድ 3,100 ኪሎሜትር ያህል ይጓዛል። በዚህ ፍጥነት 1 ሚሊአምፔር ሲያልፍ በጨረሩ መሐልና በጠርዙ መካከል የሚፈጠረው የቮልቴጅ ልዩነት ወደ 3 ቮልት ነው። 100 ሚሊአምፔር ሲሆን 290 ቮልት ይደርሳል። የሚገርመው ይህ ልዩነት በጨረሩ ውፍረት ላይ አይመሠረትም፤ ጨረሩን ቢያቀጥኑትም ቢያሰፉትም ያው ነው።

በመንገዱ ላይ የሚያደርሰው እንዲህ ነው። ሬዲየሱ 5 ሚሊሜትር የሆነ ትይዩ የፕሮቶን ጨረር፣ የሚያመቻቸው ማግኔትም ሆነ ግፊያውን የሚያለዝብለት ነገር ከሌለ፣ በ1 ሚሊአምፔር ሬዲየሱ እጥፍ እስኪሆን 1 ሜትር ያህል ይሄዳል። በ100 ሚሊአምፔር በ10 ሴንቲሜትር ውስጥ እጥፍ ይሆናል። ለቀጥተኛ ጨረር የተሠራ መስመር ላይ የምት ምንጭ ገጥሞ «አማካዩ ያው ነው» ብሎ ማብራት የሚያመጣውን ከዚህ መገመት ይቻላል። ጨረሩ የመጀመሪያው ማግኔት ጋ ሳይደርስ የቧንቧውን ግድግዳ ይመታል። ኢነርጂው ከፍ ሲል ነገሩ ይቀላል፤ ቅንጣቶቹ ወደ ብርሃን ፍጥነት ሲጠጉ የራሳቸው ማግኔታዊ መስክ መልሶ ስለሚሰበስባቸው ግፊያውን ሊያጠፋው ይደርሳል። የ6 ሜጋኤሌክትሮንቮልት ኤሌክትሮን ላይ ከኤሌክትሪካዊው ግፊያ የሚተርፈው ከ160 አንድ እጅ ብቻ ነው። ስለዚህ የምት ጣጣ የሚከፋው ከምንጩ አጠገብ፣ ቅንጣቶቹ ገና ቀርፋፋ በሆኑበት ቦታ ነው።

እዚህ ላይ ቆም እንበል፤ ከሁሉ በላይ ሰው የሚሳሳተው በሚከተለው ነው። የቧንቧው ቫኪዩም ፍጹም ባዶ አይደለም። ጨረሩ የቀረውን ጋዝ እየመታ ኤሌክትሮኖችን ያስፈነጥራል፤ አዎንታዊ ሙል ያለው ጨረር ደግሞ ኤሌክትሮኖቹን ወደ ውስጡ ስቦ ያስቀራቸዋል። ቀስ በቀስ ተከማችተው የጨረሩን ሙል ያጣፋሉ፤ ግፊያው ይለዝባል። ያለማቋረጥ የሚፈስ ጨረር ይህን የሚያደርገው አንድ ጊዜ፣ ሲነሳ ነው፤ ከዚያ በኋላ ቀኑን ሙሉ ተጣፍቶ ይኖራል። በምት የሚላክ ጨረር ግን በየምቱ ከዜሮ ይጀምራል፤ በሁለት ምቶች መካከል ባለው 20 ሚሊሰከንድ ኤሌክትሮኖቹ ግድግዳ ላይ ሄደው አልቀዋል።

ስንት ጊዜ ይፈጃል? በቧንቧው ውስጥ ናይትሮጅን ካለና ግፊቱ የአንድ ሚሊባር መቶ ሺህኛ ከሆነ፣ ለ50 ኪሎኤሌክትሮንቮልት ፕሮቶን ማጣፊያው 30 ማይክሮሰከንድ ገደማ ይወስዳል። የምታችን ርዝመት 200 ማይክሮሰከንድ ስለነበር፣ ከምቱ 15 በመቶው ያልተጣፋ ጨረር ነው። የምቱ ራስና ጭራ ሁለት የተለያዩ ጨረሮች ናቸው ማለት ነው። ማግኔቱ ለጭራው ተስተካክሎ ከሆነ የምቱ ራስ ይበተናል፤ ለምቱ ራስ ከተስተካከለ ጭራው ከሚፈለገው ቦታ በፊት ይሰበሰብና ተሻግሮ ይበተናል። የጨረሩን ቅርጽ የሚያሳየው ስክሪን የሁለቱን ድምር ስለሚያሳይ፣ መሐሉ ደማቅ ዙሪያው ደብዛዛ የሆነ ክብ ይታያል። ብዙ ጊዜ ይህ ድብዛዜ በማግኔቱ ወይም በምንጩ ጥራት ይሳበባል፤ ማግኔቱ ይነቀላል፣ ይለካል፣ ይመለሳል፣ ደብዛዛው ክብ እዚያው ነው። ስክሪኑን በካሜራ ሲያነሱ የካሜራውን መክፈቻ 10 ማይክሮሰከንድ አድርጎ በምቱ ውስጥ ደረጃ በደረጃ ማንቀሳቀስ ነገሩን በአሥር ደቂቃ ይገልጠዋል፤ መጀመሪያ ሰፊ ክብ፣ ከዚያ እየጠበበ የሚሄድ፣ ከዚያ የማይለወጥ።

የሚያስቅ የሚመስል ግን በተግባር የሚያጋጥም ነገር አለ። ቫኪዩሙን ማሻሻል ጨረሩን ሊያበላሸው ይችላል። ግፊቱ በአሥር እጥፍ ሲቀንስ ማጣፊያው ወደ 300 ማይክሮሰከንድ ይረዝማል፤ ምቱ ደግሞ 200 ነው፤ ጨረሩ ሳይጣፋ ምቱ ያልቃል። መፍትሔው ጋዝ በጥቂቱ ማስገባት ነው፤ አርጎን ወይም ክሪፕተን እንደ ሃይድሮጅን ካለ ቀላል ጋዝ በተሻለ ይሠራል፤ በአንድ ግጭት ኤሌክትሮን የመለቀቅ ዕድሉ ከፍ ያለ ነውና። ዋጋም አለው። ጋዙ ሲበዛ ፕሮቶኖቹ ከጋዙ ኤሌክትሮን ተቀብለው ሙል አልባ አቶም ይሆኑና ለማግኔት አይታዘዙም። አሉታዊ የሃይድሮጅን አዮን ከሆነ ደግሞ ትርፍ ኤሌክትሮኑን ያራግፋል። ስለዚህ ጋዙ የሚጨመረው ዓይንን ስክሪኑ ላይ፣ ጆሮን ኮረንቱ ላይ አድርጎ ነው፤ ቅርጹ መሻሻሉን ሲያቆምና ኮረንቱ መቀነስ ሲጀምር እዚያው ይቆማል። ሌላው መንገድ ረዘም ያለ ምት ከምንጩ አውጥቶ ያልተጣፋውን የምቱን ራስ ወደ ጎን ጥሎ ቀሪውን ማስተላለፍ ነው። እዚህም ወጥመድ አለ፤ የምቱን ራስ የሚጥለው የኤሌክትሪክ መስክ ኤሌክትሮኖቹንም አብሮ ስለሚጠርጋቸው፣ ይህ መሣሪያ የሚቀመጥበት ቦታ በተቻለ መጠን ከቀጣዩ ማፍጠኛ መግቢያ አጠገብ መሆን አለበት።

ምቱ የሚሠራበት መንገድም ራሱ በጨረሩ ላይ ይጻፋል። አንደኛው ዘዴ ምንጩን ራሱን ማብራትና ማጥፋት ነው። ቀላል ነው፣ ግን ፕላዝማው (ቅንጣቶቹ የሚወጡበት በአዮንና በኤሌክትሮን የተሞላ ጋዝ) ለመርጋት ከአሥር እስከ መቶ ማይክሮሰከንድ ገደማ ይፈልጋል። የማውጫው ቮልቴጅና ክፍተት ለአንድ የፕላዝማ ጥግግት ብቻ ልክ ናቸው። የሚወጣው ከፍተኛ ኮረንት በቮልቴጁ አንድ ተኩል ርቢ (V^1.5) ያድጋል፣ በክፍተቱ ካሬ ይቀንሳል፤ ጥግግቱ እየጨመረ ሲሄድ የፕላዝማው ጠርዝ መጀመሪያ ወደ ውስጥ የጎደጎደ፣ ኋላም ወደ ውጭ ያበጠ ይሆናል። ከጎደጎደው ጠርዝ የሚወጣው ጨረር ከልክ በላይ ይሰበሰባል፣ ካበጠው የሚወጣው ይበተናል። የምቱ መነሻና መውረጃ ላይ የማውጫ ኤሌክትሮዱን የሚያጋየው ይኸው ነው።

ሁለተኛው ዘዴ ጨረሩን ያለማቋረጥ አውጥቶ በሁለት ትይዩ ብረቶች መካከል በሚፈጠር መስክ ከቀዳዳ ላይ ማንሳትና መመለስ ነው፤ ቾፐር ይባላል። ምን ያህል ስለታም ጠርዝ ያለው ምት ይገኛል የሚለው በማብሪያው ፍጥነት ብቻ አይወሰንም። ብረቶቹ 10 ሴንቲሜትር ቢረዝሙና ፕሮቶኑ 30 ኪሎኤሌክትሮንቮልት ቢሆን፣ በመካከላቸው ለማለፍ 42 ናኖሰከንድ ይፈጅበታል። ቮልቴጁ በ5 ናኖሰከንድ ቢነሳም፣ በዚያ ሰዓት መንገድ ላይ የነበሩት ፕሮቶኖች የመስኩን ግፊያ ግማሹን ወይም ሩቡን ብቻ ይቀበሉና በቀዳዳው ጠርዝ ላይ ይለጠፋሉ፣ ወይም ዘንበል ብለው ያልፋሉ። በ42 ናኖሰከንድ ውስጥ ያለው የምት ጠርዝ የተበላሸ ነው። ፈጣን መሣሪያ ገዝቶ ጠርዙ ያልተሻሻለለት ሰው መጀመሪያ ማየት ያለበት የብረቶቹን ርዝመት ነው። አሳጥሮ ቮልቴጁን ማሳደግ፣ ወይም ምልክቱ ከቅንጣቱ ጋር እኩል እንዲጓዝ ብረቱን ከፋፍሎ በሽቦ ማዘግየት ያዋጣል።

ሦስተኛው ጨረሩን ሳይጥሉ መሰብሰብ ነው። ባንቸር የሚባለው የራዲዮ ሞገድ ያለበት ክፍተት ቀድመው የመጡትን ያዘገያል፣ ኋላ የቀሩትን ያፈጥናል፤ ከጥቂት ርቀት በኋላ ሁሉም በአንድ ላይ ይደርሳሉ። ቁጥሩ እንዲህ ነው። 50 ኪሎኤሌክትሮንቮልት ፕሮቶን 1 ሜትር ለመሄድ 320 ናኖሰከንድ ይወስዳል። 10 ናኖሰከንድ የቀደመውን በዚህች 1 ሜትር ውስጥ ለማስደረስ ፍጥነቱን በ3 በመቶ፣ ማለትም ኢነርጂውን በ6 በመቶ፣ ማለትም በ3 ኪሎኤሌክትሮንቮልት ያህል መቀነስ ያስፈልጋል፤ የዘገየውን ደግሞ በዚያው መጠን መጨመር። የተሰበሰበው እሽግ በጊዜ ጠባብ ሆነ፣ በኢነርጂ ግን ግራና ቀኝ 6 በመቶ ተበተነ። ጊዜን አጥብቦ ኢነርጂን ሳይነካ የሚሰበስብ ባንቸር አለ የሚል ሻጭ ካጋጠማችሁ የሊዩቪልን ሕግ ጠይቁት፤ በጊዜና በኢነርጂ ሰሌዳ ላይ የጨረሩ ስፋት ቅርጹን ይለውጣል እንጂ አይቀንስም።

በነገራችን ላይ «ያለማቋረጥ የሚፈስ» የሚባለው ራሱ አብዛኛውን ጊዜ እንዲያ አይደለም። በራዲዮ ሞገድ የሚያፈጥን ማሽን ሁሉ ቅንጣቶቹን የሚያስገባው ሞገዱ በሚመች ቅጽበት ብቻ ነው። በስዊዘርላንድ የፓውል ሼረር ኢንስቲትዩት የ590 ሜጋኤሌክትሮንቮልት ሳይክሎትሮን (ቅንጣቶቹን እያዞረ የሚያፈጥን ማሽን) «ቀጥተኛ» የፕሮቶን ጨረር ይሰጣል ይባላል፤ በ50.6 ሜጋሄርዝ ስለሚሠራ ግን ጨረሩ በየ20 ናኖሰከንዱ የሚመጣ የእሽጎች ሰልፍ ነው። በ2856 ሜጋሄርዝ የሚሠራ የሕክምና ማፍጠኛ ደግሞ ሁለት ንብርብር አለው፤ በሰከንድ ጥቂት መቶ ጊዜ የሚመጣ የ4 ማይክሮሰከንድ ያህል ምት፣ በዚያ ምት ውስጥ ደግሞ በየ350 ፒኮሰከንዱ አንድ እሽግ። «የምቱ ኮረንት» ሲባል እንኳ የትኛው ንብርብር እንደሆነ መጠየቅ ያስፈልጋል።

ወደ ዒላማው እንሂድ። የፓውል ሼረሩ ጨረር ወደ 1.4 ሜጋዋት ይጠጋል። በአሜሪካ ኦክ ሪጅ ያለው የስፓሌሽን (ፕሮቶን ከባድ ብረት መትቶ ኒውትሮን የሚያስወጣበት ዘዴ) ኒውትሮን ምንጭ የተነደፈውም ለ1.4 ሜጋዋት ነው። በጋዜጣ ላይ ሁለቱ እኩል ናቸው። የስዊዘርላንዱ ይህን ኃይል ያለማቋረጥ ያፈሳል፤ የኒውትሮን ዒላማው እርሳስ የተሞሉ ቱቦዎች ናቸው፣ ጣጣው ሙቀትን በውኃ ማውጣት ነው። የኦክ ሪጁ በሰከንድ 60 ጊዜ ነው የሚመታው፤ 1 ሚሊሰከንድ ያህል የሚረዝመውን ምት በቀለበት ውስጥ ደራርቦ ከ1 ማይክሮሰከንድ በታች ያደርገዋል። በእያንዳንዱ ምት 23 ኪሎጁል ስለሚወርድ፣ በዚያች ቅጽበት ያለው ኃይል ከ20 ጊጋዋት በላይ ነው። ዒላማው ፈሳሽ ሜርኩሪ ነው። ሜርኩሪው ለመስፋት ጊዜ ሳያገኝ ስለሚሞቅ የግፊት ሞገድ ይነሳል፤ ሞገዱ ከግድግዳው ሲመለስ ሜርኩሪው ይሳባል፣ አረፋ ይፈጠራል፣ አረፋው ሲፈርስ የማይዝገውን የብረት ዕቃ እየቆረጠመ ጉድጓድ ጉድጓድ ያደርገዋል። መፍትሔ ሆኖ የተገኘው በሜርኩሪው ውስጥ ጥቃቅን የሂሊየም አረፋዎችን መልቀቅ ነው፤ ሞገዱን እንደ ትራስ ይቀበሉታል። አማካይ ኃይልን ብቻ የሚያይ ሰው ይህ ችግር መኖሩንም አያውቅም። በስዊድን ሉንድ የሚገነባው የአውሮፓ ስፓሌሽን ምንጭ ለ5 ሜጋዋት ተነድፎ ምቱን 2.86 ሚሊሰከንድ ማድረጉ ነገሩን ያቀለዋል፤ በሰከንድ 14 ጊዜ ብቻ ስለሚመታ በአንድ ምት የሚወርደው ኢነርጂ ይበልጣል፣ ግን በብዙ ሺህ እጥፍ በረዘመ ጊዜ ላይ ስለሚሰራጭ ያ ድንገተኛ ሞገድ አይነሳም።

በትንሽ ማሽንም ያው ነው። ሙቀት በመዳብ ውስጥ በ1 ሚሊሰከንድ 0.3 ሚሊሜትር ያህል፣ በ10 ማይክሮሰከንድ ደግሞ 0.03 ሚሊሜትር ብቻ ይሄዳል። ምቱ አጭር፣ ጨረሩ ጥልቅ የማይሄድ ከሆነ የሚሞቀው ስስ ቆዳ ነው፤ ይሰፋል፣ ከሥሩ ያለው ቀዝቃዛ መዳብ አያሰፋውም፣ ከሚሊዮን ምቶች በኋላ ይሰነጠቃል። ከኋላ የተተከለው ቴርሞካፕል (የሙቀት መለኪያ) ይህን ሁሉ ጊዜ 40 ዲግሪ ያነባል። የውኃ ሙቀትና ቴርሞካፕል ብቻ ያለው የመከላከያ ሰንሰለት ለምት ጨረር አይበቃም፤ በየምቱ የሚያልፈውን ሙል የሚቆጥርና ከልክ ሲያልፍ ቀጣዩን ምት የሚከለክል ፈጣን ዑደት ያስፈልጋል።

ማፍጠኛው ራሱም ምቱን ይሰማዋል። ሞገድ የሞላበት ክፍል ውስጥ የሚገባው የመጀመሪያው እሽግ ሙሉ መስክ ያገኛል፤ እሱ የወሰደው ኢነርጂ ለተከታዩ ይጎድላል፣ እስኪመጣጠን ድረስ ኢነርጂው እየወረደ ይሄዳል። የምቱ ራስ ከጭራው የበለጠ ኢነርጂ ይዞ ይወጣል። ማረሚያው ጨረሩን ማስገባት ክፍሉ ሙሉ በሙሉ ከሞላ በኋላ ሳይሆን፣ መስኩ እየጨመረ ሄዶ በጭነት የሚረጋበት ልክ ላይ ሲደርስ ነው። ሰዓቱ በጥቂት መቶ ናኖሰከንድ ከተሳተ ውጤቱ ከመታጠፊያው ማግኔት በኋላ ባለው ጠባብ ቀዳዳ ላይ ይታያል፤ የምቱ መነሻ ተቆርጦ ይቀራል።

በእሽጎች መካከል ያለው ርቀትም የራሱ ጉዳይ አለው። በሴርን ትልቁ ሃድሮን ግጭት ማሽን ውስጥ እሽጎቹ በ25 ናኖሰከንድ ልዩነት እንዲሄዱ ነበር የታቀደው፤ እ.ኤ.አ. በ2011 እና በ2012 ግን በ50 ናኖሰከንድ ነው የሠራው፣ ወደ 25 የተዛወረው በ2015 ነው። አንዱ ምክንያት የኤሌክትሮን ደመና ነው። እሽጉ ሲያልፍ በቧንቧው ውስጥ ያሉ ኤሌክትሮኖችን ይስባል፣ ግድግዳውን ይመታሉ፣ ሌሎችን ያስወጣሉ፤ ቀጣዩ እሽግ እነዚህ ሳይጠፉ ከደረሰ ቁጥራቸው ይባዛል። ርቀቱ ሲሰፋ ይሞታሉ። የኤሌክትሮን እሽግ ራሱ ሲያጥር ደግሞ ሌላ ነገር ይመጣል፤ ርዝመቱ ከሚወጣው ሞገድ ርዝመት ካነሰ ኤሌክትሮኖቹ በአንድነት ስለሚያበሩ የሚወጣው ብርሃን ከቁጥራቸው ጋር ሳይሆን ከቁጥራቸው ካሬ ጋር ያድጋል። በ1 ናኖኩሎምብ ውስጥ 6 ቢሊዮን ኤሌክትሮን ስላለ፣ ይህ ትንሽ ማሻሻያ አይደለም።

አሁን ወደ መለኪያ፣ ብዙ ገንዘብና ብዙ ኦሲሎስኮፕ ወደሚቃጠልበት። በፋራዳይ ካፕ (ጨረሩን ተቀብሎ ቻርጁን በሚሰበስብ የብረት ኩባያ) የምቱን ኮረንት ለማየት ካፑን በኮአክሲያል ኬብል አውጥቶ በ50 ኦም መዝጋት ያስፈልጋል፤ 100 ሚሊአምፔር 5 ቮልት ይሰጣል። ኦሲሎስኮፑን በ1 ሜጋኦም ትቶ ማብራት አደጋ ነው። 10 ሜትር ኬብል 1000 ፒኮፋራድ ያህል ይይዛል፤ የአንድ ምት 20 ማይክሮኩሎምብ ሄዶ እዚያ ቢጠራቀም 20 ኪሎቮልት ይሆናል። ከዚያ በፊት አንድ ነገር ይሰበራል፣ ብዙ ጊዜ የኦሲሎስኮፑ መግቢያ ነው። 50 ኦሙ በኦሲሎስኮፑ ውስጥ ብቻ ሳይሆን በኬብሉ ላይም ቋሚ መከላከያ ይኑረው፤ ማንም ሰው አዝራር ተጭኖ ሊለውጠው ይችላልና። ካፑ ፊት ያለው ቀለበት ደግሞ ከ100 እስከ 300 ቮልት አሉታዊ ይሁን። አለበለዚያ ከካፑ የሚያመልጡ ኤሌክትሮኖች ኮረንቱን ከፍ አድርገው ያሳያሉ። ቀለበቱ ላይ ያለው የኃይል ምንጭ ደካማ ከሆነ በምቱ ውስጥ ቮልቴጁ ይወድቃል፤ ምቱ ወደ ጭራው እያደገ የሚሄድ ይመስላል። ጨረሩ እያደገ አይደለም፤ ቀለበቱ እየደከመ ነው። አንድ ካፓሲተር ከቀለበቱ ወደ መሬት ማሰር ይበቃል።

ሳይነኩ የሚለካው ኮረንት ትራንስፎርመር ለምት ይመቻል፤ ለቀጥተኛ ጨረር ግን ምንም አያሳይም። ለምትም ወሰን አለው። የመውረጃ ጊዜው 10 ሚሊሰከንድ የሆነ ትራንስፎርመር የ200 ማይክሮሰከንድን ምት አናት በ2 በመቶ ያዘነብላል፤ የ2.86 ሚሊሰከንድን ምት ግን መጨረሻው ላይ በሩብ ያህል አሳንሶ ያሳያል። ከምቱ በኋላ መስመሩ ከዜሮ በታች ወርዶ ከታየ ስሕተቱ የጨረሩ ሳይሆን የመለኪያው ነው።

መጠነ ጨረር የሚለካበት አዮናይዜሽን ቻምበር ደግሞ ቀመሩ ራሱ ይለያያል። በቻምበሩ ውስጥ የተፈጠሩት አዮኖች ሳይሰበሰቡ መልሰው የሚጣመሩት ድርሻ፣ በቀጥተኛ ጨረር ከቮልቴጁ ካሬ ጋር፣ በምት ጨረር ከራሱ ከቮልቴጁ ጋር በተገላቢጦሽ ይሄዳል። አሠራሩ ቀላል ነው፤ በ300 ቮልት መለካት፣ ወደ 150 ዝቅ ማድረግ፣ ንባቡ እስኪረጋ ጥቂት ደቂቃ መጠበቅ፣ እንደገና መለካት። የሁለቱ ንባቦች ጥምርታ 1.006 ቢሆን፣ በምት ቀመር ማረሚያው 1.006 ነው፣ በቀጥተኛው ቀመር 1.002። ልዩነቱ 0.4 በመቶ ነው። ትንሽ ይመስላል፤ ለታካሚ የሚሰጥ መጠን የሚስተካከልበት ንባብ ላይ ግን በየቀኑ፣ ለሁሉም ታካሚ፣ በአንድ አቅጣጫ የሚደገም ስሕተት ነው።

ይህን ሁሉ ያስጻፈን እ.ኤ.አ. ከ2014 ወዲህ ብዙ የተወራለት «ፍላሽ» የሚባለው የጨረር ሕክምና ጥናት ነው። በየጽሑፉ «ተራው ሕክምና በሰከንድ 0.1 ግሬይ፣ ፍላሽ ከ40 ግሬይ በላይ» ይባላል፤ ግሬይ ሰውነት የሚቀበለው የጨረር መጠን መለኪያ ነው። ሁለቱም ቁጥሮች ትክክል ናቸው፣ አማካይ እስከሆኑ ድረስ። አሁን ተራውን ማፍጠኛ በምቱ ውስጥ እንየው። በሰከንድ 0.1 ግሬይ በ300 ምት ሲከፋፈል ለአንድ ምት 0.33 ሚሊግሬይ ይደርሰዋል። ያ ምት የሚቆየው 4 ማይክሮሰከንድ ነው። ሲካፈል በሰከንድ 83 ግሬይ ይወጣል። በምቱ ውስጥ ከታየ ተራው ማሽን የ40ን ድንበር ድሮውኑ አልፎታል፤ ፍላሽ ግን አይደለም። ድንበሩ ያለው በአንድ ምት በሚሰጠው መጠን፣ በምቶቹ ብዛትና ጠቅላላው ሕክምና በሚፈጀው ጊዜ ነው፤ ፍላሽ በጥቂት ምት፣ አንዳንዴም በአንድ ምት ብቻ፣ ብዙ ግሬይ ይሰጣል። በዚያ መጠን ከላይ ያልነው ቻምበር መልሰው የሚጣመሩትን አዮኖች መቁጠር ስለሚያቅተው ያነሰ ያነባል፤ የሁለቱ ቮልቴጆች ቀመርም ከሚሠራበት ክልል ይወጣል።

ስለዚህ በሚቀጥለው ጽሑፋችሁ «በሰከንድ» የሚል ቁጥር ስታወጡ፣ በየትኛው ጊዜ ላይ እንደተካፈለ በቅንፍ እንኳ ቢሆን አስቀምጡልን። ኮረንት ከሆነም የምቱ ኮረንት፣ የምቱ ርዝመትና በሰከንድ ስንት ምት እንደሆነ ይጻፍ፤ አማካዩን አንባቢው ራሱ አባዝቶ ያገኘዋል።

ከአክብሮት ጋር፣
በማፍጠኛ ሥራ ላይ የተሰማራን አንባቢዎቻችሁ